ስኳር የተጠቀለለበት ትምህርት

እኔ የምለው፣ አንዴ የተፈተኑትን ትምህርት መልሶ መፈተን ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ሰው ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ከተነሣ በኋላ «እስቲ ቁርስህ ምን ነበር? ትናንትናስ? ያለፈው ሰኞስ?» ተብሎ ይጠየቃል? ኮሌጅ ከገቡ ግን ይጠየቃሉ። ስሙንም አሳምረው «ማጠቃለያ ፈተና» ብለውታል።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ከነቀምቴ ርቃ ባለችው ኪራሙ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ገላኔ ከልጆቻችን ጋር ነቀምቴ ናት። ነቀምቴ የሚሰጠውን የክረምት የኮሌጅ ኮርስ ያለፈ መምህር ዝውውር መጠየቅ ይችላል፤ የወደቀ ኪራሙን ይዞ ይቀመጣል። ትንሿ ልጄ በመጣሁ ቁጥር «እንግዳው መጣ» ትላለች፤ አንጀቴን ትቆርጠዋለች። ስለዚህ አጠናሁ። የመጀመሪያውን ፈተና አሳምሬ ሠራሁና፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብዬ ደብተሬን ለጎረቤታችን ባለሱቅ ለጋሽ ከድር ሰጠሁት። መጠቅለያ ወረቀት ቸግሮት ነበርና መረቀኝ።

ለመጨረሻው ፈተና ሳምንት ሲቀረው አስተማሪያችን «ፈተናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው» አለና ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣ። ጉድ በል! ዝናቡን ከቁብ ሳልቆጥር ሱቅ ድረስ ሮጥኩ።

«ጋሽ ከድር፣ ደብተሬ!»

«ውይ መምህር! ግማሹን ስኳር ጠቅልዬ ሸጥኩት። የቀረው ይኸው መደርደሪያው ላይ፣ በርበሬና ጨው ይዞ።»

ምን ላድርግ? መደርደሪያውን ጠራርጌ ገዛሁት። የተሸጠውን ፍለጋ ደግሞ በየደጁ እየዞርኩ «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ስኳር የገዛችሁበትን ወረቀት አልጣላችሁም?» ስል ሰነበትኩ። አሁን ማን ይሙት፣ ይሄ የመምህር ወግ ነው? ገላኔ የጨውን ክምር አይታ «ማል ታቴ፣ ምን ሆንክ? ሱቅ ልትከፍት ነው?» ትላለች። ትስቅብኛለች! እኔ በርበሬ የነካውን ገጽ እያገላበጥኩ፣ እያስነጠስኩ፣ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት።

እመኑኝ፣ እንዲያ ተለቅሞ የተጠና ትምህርት አይረሳም። አንደኛ ወጣሁ። ገላኔ እልል አለች። የዝውውር ማመልከቻዬን ይዤ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስገባ ሹሙ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ።

«አንተን የመሰለ ጎበዝማ ተራ አስተማሪ ሆኖ አይቀርም፤ ዳይሬክተር አድርገን ሾመንሃል» አለኝ።

«የት?»

«ኪራሙ ነዋ!»

ቤት ገብቼ ነገርኳት። ገላኔም፣

«ብትወድቅ ኖሮስ የት ይልኩህ ነበር?» አለችኝ።

«እዚያው ኪራሙ» አልኳት።