የበድሩ ደጅ አይቆፈርም

ተናጋሪዎች፦ በድሩ፣ ጨርቅ ነጋዴና የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ነገ ልጁን ያስሚንን ይድራል። ዐብዱልከሪም፣ የሚስቱ የሸምሲያ ታናሽ ወንድም።

(ጎንደር፣ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ፣ የበድሩ ደጅ። በአዲስ ኮብልስቶን ላይ የሰርግ ዳስ ተጥሏል፤ ምንጣፍ ተነጥፏል። ዐብዱልከሪም በሁለት እጁ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሊወጣ ሲል በድሩ ክንዱን ይይዘዋል።)

በድሩ፦ አስቀምጥ አልኩህ!

ዐብዱልከሪም፦ አያ በድሩ፣ ሸምሲያ ናት የላከችኝ። ነገ ሰርግ ነው፣ ቤት ውስጥ ፊት መታጠቢያ እንኳ የለም አለች።

በድሩ፦ ሸምሲያ ምን ታውቃለች? የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?

ዐብዱልከሪም፦ አንተ ነህ። ውሃ የምትቀዳው ግን እሷ ናት።

በድሩ፦ ዛሬ አዲሱ ፓምፕ ሥራ ይጀምራል! በዚህ ቀን የሰብሳቢው አማች ጀሪካን አንጠልጥሎ ምንጭ ሲወርድ ቢታይ ሰው ምን ይላል?

ዐብዱልከሪም፦ ውሃ የለውም ይላል።

በድሩ፦ (ወደ ሰማይ እያየ) ያ ረቢ፣ ምን በድዬ ነው ይሄን አማች የሰጠኸኝ?

ዐብዱልከሪም፦ የድሮው ፓምፕ ግን ምነው ተነቀለ? ድምፁ ሸጋ ነበር።

በድሩ፦ ሸጋ? ሲያስል እኮ ነው የምትሰማው! በጃንሆይ ጊዜ የተተከለ ብረት። ውሃውን ዳገቱ ወገብ ላይ አድርሶ ይመልሰዋል። እኛ ጋ የሚደርሰው ነፋሱ ብቻ ነው። ቆጣሪዬ ዕድሜውን ሙሉ ነፋስ ሲቆጥር ኖረ።

ዐብዱልከሪም፦ አዲሱስ ውሃ ይሠራል?

በድሩ፦ ፓምፕ ውሃ አይሠራም፣ አንተ ደንቆሮ! ይገፋል!

ዐብዱልከሪም፦ በምን በኩል?

በድሩ፦ በቧንቧው ነዋ! በአህያ ጭኖ ይልከዋል መሰለህ?

ዐብዱልከሪም፦ ቧንቧውም ተቀየረ?

በድሩ፦ ፓምፕ ሌላ፣ ቧንቧ ሌላ! ቧንቧው የጣሊያን ነው። የጣሊያን ብረት አይሞትም።

ዐብዱልከሪም፦ እነዚያ ዶማና አካፋ ይዘው የመጡት ሠራተኞች ግን ዝገት በልቶታል ሲሉ ሰማሁ።

በድሩ፦ አባረርኳቸው!

ዐብዱልከሪም፦ ምነው?

በድሩ፦ (ደረቱን ነፍቶ) "በደጅህ የሚያልፈውን አሮጌ ቧንቧ አውጥተን በአዲስ እንተካለን" አይሉኝም? ልጄን የምድርበት ደጅ! ገና አሁን የተነጠፈ ኮብልስቶን! ከአዘዞ የሚመጣ ሰርገኛ ቦይ እየዘለለ ሊገባ? "ፓምፑን እንደፈለጋችሁ ቀይሩ፤ የበድሩ ደጅ ግን አይቆፈርም" አልኳቸው። ጅራታቸውን ወትፈው ሄዱ።

ዐብዱልከሪም፦ ኢንጂነሩስ ምን አለ?

በድሩ፦ "አዲሱ ጉልበተኛ ነው፣ አሮጌው ቧንቧ አይችለውም" ይለኛል። ትናንት የተመረቀ ልጅ! በስብሰባ ያረጀሁትን ሰውዬ ሊያስተምረኝ!

ዐብዱልከሪም፦ እኔ ስለ ቧንቧ አላውቅም። ያረጀ ጆንያ ግን ሲያጭቁበት ይተረተራል።

በድሩ፦ ስለ ፓምፕ እየነገርኩት ስለ ጆንያ ያወራል! ለዚህ ነው ሱቄን ላንተ አደራ የማልሰጠው።

ዐብዱልከሪም፦ ምንጣፉን እንኳ ለጊዜው ላንሣው?

በድሩ፦ እንዳትነካው! ግማሹ ከሰው የተዋስኩት ነው። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ስማኝ ዐብዱ። ያስሚን ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ጀሪካን ስትጎትት ነው ያደገች። እጇን ሳይ አፍር ነበር። ነገ ከቤቴ ስትወጣ ቧንቧው እየፈሰሰ ትውጣልኝ። "አባቴ ነው ያስመጣው" ትበል።

ዐብዱልከሪም፦ ሸጋ ሐሳብ ነው። እስከዚያው ልቅዳ?

በድሩ፦ ቁጭ በል!

(ከመሬት ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል።)

ዐብዱልከሪም፦ አያ በድሩ፣ ከዳሱ ሥር የሆነ ነገር ያጉረመርማል።

በድሩ፦ (በደስታ እየዘለለ) መጣ! ጉልበቱን ስማው! አሮጌው እንዲህ ያውቅ ነበር?

ዐብዱልከሪም፦ ድንጋዩ ብድግ አለ።

በድሩ፦ የምን ድንጋይ?

ዐብዱልከሪም፦ ኮብልስቶኑ። ሙሽራዋ የምትቀመጥበት ጋ።

(ውሃው ኮብልስቶኑን ፈንቅሎ እስከ ዳሱ ሸራ ይወረወራል። ዳሱ ያዘነብላል፤ ምንጣፎቹ ይንሳፈፋሉ።)

በድሩ፦ ምንጣፉን! ምንጣፉን አንሣ!

ዐብዱልከሪም፦ እንዳትነካው አልከኝ እኮ።

በድሩ፦ (ስልክ እየደወለ) ሃሎ! ኢንጂነር! አጥፋው! በድሩ ነኝ፣ ሰብሳቢው!... አዎ፣ ውሃ ልቀቁ እያልኩ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ አጥፉ እያልኩ እየጮኽኩ ነው!... ቆፍሩት! እስከ ጓዳዬ ቆፍሩት!... መቼ? ከሰርጉ በኋላ? ከሰርጉ በፊት ድርሽ እንዳትሉ ያለው ማን ነው?... አዎ። እኔ ነኝ።

(ስልኩ ይዘጋበታል። ከውጭ እልልታ ይሰማል።)

በድሩ፦ ደግሞ እልል የሚለው ማን ነው?

ዐብዱልከሪም፦ ጎረቤቱ ነው። በድሩ ውሃ አስመጣልን እያሉ ባልዲ ይዘው ወደ ዳስህ እየገቡ ነው።

በድሩ፦ (ውሃው መሐል ዘጭ ብሎ ይቀመጣል) አለቀልኝ! ሰርገኛውን የት ላስቀምጠው? ያስሚንን በምን ዓይኔ ልያት? ዐብዱ፣ ቆመህ ታየኛለህ? አንድ ነገር አድርግ እንጂ!

ዐብዱልከሪም፦ (የጀሪካኑን ክዳን እየከፈተ) እሺ። እንግዲያው ፈቀቅ በልልኝ፤ አንተ የተቀመጥክበት ጠለቅ ስለሚል ጀሪካኑ ቶሎ ይሞላል።