አጎቴና የተረፉት ብሎኖች

ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። የእናቴ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ዛሬም የሆነ ቦታ ማጠፊያው ዘይት የጠማው በር ሲከፈት ጆሮዬ ቀጥ ይላል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ፣ እማዬ የተማሪዎች ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ እኔ ወለሉ ላይ ተንጋልዬ ምን ልሥራ እያልኩ የማዛጋበት ያ የእረፍት ጊዜ ድቅን ይልብኛል።

በዓለም ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ጠጋኝ አለው። ይህን የምለው ዓለምን ዞሬ አይቼ ሳይሆን፣ የእኛ ቤት ጠጋኝ ብቻውን ለአንድ አገር ስለሚበቃ ነው። ጠጋኝ ማለት የተበላሸ ዕቃ የሚሠራ ሰው እንዳይመስላችሁ። እሱማ ባለሙያ ይባላል፤ ተጠርቶ ይመጣል፣ ሠርቶ ይሄዳል። ጠጋኝ ግን ሳይጠራ መጥቶ ደህናውን ዕቃ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ከዚያም እንደ ሐኪም ፊቱን አጨፍግጎ፣ «ይቺ ነገር አላማረችኝም» ይላል።

የእኛው ክቡር ሊቀ ብሎን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። መተዳደሪያው በፖስታ ቤት ጥቅል መመዘን ሲሆን፣ ጥገና የተማረበትን ቦታ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አልተገኘም። ካቻቢቴ ግን ከኪሱ ተለይቶት አያውቅም። በሠርጉ ዕለት በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ከደረት ኪሱ መሐረብ መስሎ ብቅ ያለው ቢጫ ነገር የካቻቢቴ እጀታ ነው።

አሥራ አምስት ዓመት በሞላኝ በዚያ እረፍት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ማራገቢያችን አላማረችውም። «አምስት ደቂቃ ናት» ብሎ ተቀመጠና ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲፈታት ዋለ። ሲገጥማት ነፋስ መስጠቷን አልተወችም፤ ግን መራመድ ጀመረች። ከሳሎን ተነሥታ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ በፊቴ አልፋ ወደ መኝታ ቤት ስትገባ ክው ብዬ ቀረሁ። የቆመችው ገመዷ ስላለቀ ብቻ ነው።

አጎቴ ላቡን ጠርጎ፣ «እንዲያውም ጥሩ ነው። ሁለቱንም ክፍል ታዳርሳለች» አለ።

ብሎን በሚያስቀምጥበት ሳህን ላይ ሦስት ብሎኖች ቀርተዋል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ተረፉ እኮ።»

«ፋብሪካው አትርፎ ነው የሚያስገባው፣ ሚጡ።»

ይቺ የዘወትር ቃሉ ናት። ሬዲዮ ቢፈታ ይተርፈዋል፣ ጃንጥላ ቢፈታ ይተርፈዋል። የተረፉትን በወተት ዱቄት ጣሳ ያጠራቅማቸዋል፤ ጣሳው በዚያ ጊዜ ከእኔ ክንድ በላይ ይከብድ ነበር። ፋብሪካዎች ይህን ያህል ለጋሶች መሆናቸውን ከእሱ በቀር የደረሰበት የለም።

በሁለተኛው ሳምንት የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ጠገነ። ከዚያ ወዲያ በሩ ከውጭ ብቻ የሚከፈት ሆነ። ይህን ያወቅነው አብሮን የሚኖረው አያቴ ገብቶ በቀረ ጊዜ ነው።

«ማነው ይኼን በር የነካው?» አለ ከውስጥ፣ እጀታው እምቢ ሲለው።

«ጋሼ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ምሳዬን በመስኮት አቀብሉኝ» አለ። ከውጭ መክፈት እንደምንችል ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ አያቴ ግን አጎቴ የነካው በር በዋዛ ይከፈታል ብሎ ማመን አልቻለም።

ስለ ስንብቱም ልናገር። አጎቴ ከቤታችን ለመውጣት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። «በሉ እንግዲህ» ብሎ ይነሣል፤ ወሬ ይቀጥልና ይቀመጣል። «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ እንደገና ይነሣል። በሩ ጋ ሲደርስ የበሩን እጀታ ይይዛል፤ እጀታው ይወላገዳል፤ «ይቺ ነገር አላማረችኝም» ይልና ካቻቢቴውን ያወጣል። እሱ ባጠበቃት ቁጥር በማግስቱ ትላላለች። ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ። የሳሎኔ በር እጀታ ከላላ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ሲመጣ ሥራ እንዳያጣ ነው።

ከቤታችን ዕቃ ሁሉ ያልነካት የስፌት መኪናዋን ብቻ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሦስታችንም መተዳደሪያ እሷ ናት። እማዬ ፊት ለፊቷ አቁማ አስምላዋለች፤ «እትዬ ትሙት፣ አልነካትም» ብሏል። መኪናዋ ሲጥ ባለች ቁጥር ጣቶቹ ሲቁነጠነጡ፣ እጁን ከታፋው ሥር አድርጎ ሲቀመጥበት በዓይኔ አይቻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዕለት እማዬ ያለቁትን ዩኒፎርሞች ልታደርስ ወጣች። ሠላሳ ያህል ደግሞ ለሰኞ መድረስ ነበረባቸው። እኔ በማግስቱ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሐይቁ ልሄድ ነው፤ የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጥሷል። በእጅ ብሰፋው ምን ነበረበት? ግን መኪናዋ ባዶዋን ቁጭ ብላለች። ያንን ድርብርብ ማንገቻ ከመርፌው ሥር ከተትኩና ረገጥኩ። ቀጭ አለ። መርፌው ለሁለት ተሰበረ፣ መዘውሩ አልዞር አለ፣ መርገጫው አልንቀሳቀስ አለ።

አጎቴ በዚያው ሰዓት ሳይጠራ ገባ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በመምጣቱ እንደ ሕፃን ተደሰትኩ።

«ጋሼ፣ ሰበርኳት። እማዬ ሳትመጣ ሥራልኝ።»

መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያም ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «አይሆንም፣ ሚጡ። ምያለሁ።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ይህ ሰው ዕቃ አልፈታም አለ! ለቅሶዬ ያኔ መጣ። የሰኞውን ዩኒፎርም፣ የእማዬን ፊት፣ ሁሉን እያነሣሁ አነባሁ። አጎቴ ብዙ ቆመ። በመጨረሻ ጋዜጣ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አምስት ደቂቃ ናት» አላለም።

እያንዳንዷን ብሎን ሲያወጣ ጋዜጣው ላይ አስቀመጣት፤ ዙሪያዋን በእርሳስ ከብቦ ከየት እንደወጣች ከጎኗ ጻፈ። ከአንጀቷ የገባውን የመርፌ ስባሪ በፒንሳ ጎትቶ አወጣ፣ አዲስ መርፌ ተከለ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ወደየቤታቸው መለሰ። ሲጨርስ ጋዜጣው ላይ ክቦች ብቻ ቀሩ። ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር ፈለግሁ። አንድም ብሎን አልተረፈም።

«ጋሼ፣ እንዲህ መሥራት ትችላለህ እንዴ?»

ከኪሱ ትንሽ የዘይት ብልቃጥ አወጣና እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አደረገላት። ጋዜጣውን አጣጥፎ ሳይጨርስ እማዬ ገባች።

ሰላም ብላን፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ከመኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ጨርቅ አስገብታ ረገጠች። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ድምፅ ግን የለም። ያቺ ሲጥታ ከነነፍሷ ጠፍታለች። እማዬ እግሯን አነሣች፣ እንደገና ረገጠች፣ እንደገና አዳመጠች። ሰው በስብራት ይጋለጣል እንጂ በደህና ሥራ ሲጋለጥ ያየሁት ያኔ ነው።

«ማነው የነካት?» አለች ፊቷን ሳታዞር።

አፌን ከፈትኩ። አጎቴ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ደህና ነበረች። ሲጥታዋ አላስቀምጥ ቢለኝ ፈታኋት።»

ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ ዝም በይ የሚል ዓይን።

«እትዬ ትሙት ብለህ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«እንግዲያው ይኸው ሞትኩልህ። በዚች ካላመንኩህ በምን ልመንህ?»

አጎቴ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና ተነሣ።

«እማዬ፣ መርፌውን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ሲወጣ እሱ በሩ ጋ ደርሷል። እማዬ ዞራ አየችኝ፣ ከዚያም በፍጥነት ወደ እሱ፤ ስሙን ልትጠራ ከንፈሯ ተላቀቀ።

አጎቴ እጀታውን ያዘ። በእጁ ውስጥ ተወላገደበት። አላየውም፤ በሩን ከፍቶ፣ ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።