ናፍጣ ልቆጥብ ብዬ ያጠፋሁት ትራክተር

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግማሹን ግን ጠዋት ስቶሪዬ ላይ አይታችኋል። ሌላውን ግማሽ ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት።

አዎ፣ ያ ትራክተር ላይ ተቀምጬ አውራ ጣቴን ቀስሬ የተነሳሁት ፎቶ። "ቆሞ የሚሠራ ሞተር ናፍጣ ጠጪ ነው! እኛ ጋ ይጠፋል!" ብዬ የጻፍኩበት።

አሁን የለም፤ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ስንት ነገር እንዳጠፋሁ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ፉሪ አካባቢ ሕንፃ የሚሠራበት ሳይት ላይ የግዢና የንብረት ሠራተኛ ነኝ። ሚስማር ቢጎድል የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ሳይቱ ውስጥ ውሃ የሚጎትት፣ አሸዋ የሚያመላልስ አንድ አሮጌ ትራክተር አለ። የሚነዱት እትዬ አስካለ ናቸው። ሃምሳን አልፈዋል፤ ወጣት ሆነው የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ሴት ናቸው።

እኔንና እሳቸውን ያላስማማን አንድ ነገር ነው።

ሞተር አያጠፉም።

ውሃው እስኪራገፍ ሞተሩ ይሠራል። አሸዋ እስኪጫን ይሠራል። ምሳቸውን ሲበሉ እንኳ ትራክተሩ አጠገባቸው ዱግ ዱግ እያለ አብሯቸው ይበላል።

ናፍጣ በስንት ሰልፍ እንደሚገኝ ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ። የምሰለፈው እኔ ነኛ! ሁለት ጊዜ በአፍ ነገርኳቸው። "እሺ ልጄ" ይላሉ፤ አያጠፉም።

ስለዚህ ለአለቃዬ አመለከትኩ። "የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጽፈህ አስፈርማቸው፤ ከዚያ በኋላ ካላጠፉ ይሰናበታሉ" አለኝ። ጻፍኩ። ሁለት ጥፋት ዘረዘርኩ፦ ሥራ በሌለበት ሞተር አለማጥፋት፣ እና ትራክተሩን ሁልጊዜ በሩ ላይ ቁልቁለት ማቆም። ቆንጆ ደብዳቤ ነበር፣ ማኅተም ሁሉ አለው። ዛሬ ጠዋት ከጀሞ ታክሲ ስጋፋ እንዳይጨማደድ የያዘውን ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የመጣሁት።

ስደርስ ትራክተሩ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሟል። አፍንጫው ወደ ግቢው ቁልቁለት፣ ከኋላው ሙሉ የውሃ ታንከር፣ ሞተሩ እየሠራ። እትዬ አስካለ ታች ከፎርማኑ ጋር ያወራሉ።

ዛሬማ ራሴ አጠፋዋለሁ አልኩ።

ወጣሁና ቁልፉን አዞርኩ። አልጠፋም። ዘበኛው ጋሽ ቱፋ ከታች "ተው አንተ ልጅ፣ እሳቸው ይምጡ" ይሉኛል። እኔ ዩቲዩብ ከፈትኩ። ለካ እንዲህ ያለው አሮጌ ትራክተር በቁልፍ አይጠፋም፤ የሚጎተት ማጥፊያ አለው። ጎተትኩት።

ዝም አለ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ፎቶ ተነሳሁ፤ ፖስት አደረግኩ። "ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ" የተባለው ለኔ መሆኑ ያን ጊዜ አልገባኝም።

አሥር ላይክ ሳይሞላ ከኋላዬ ጡሩምባ ሰማሁ።

ሚክሰር! ለካ ዛሬ ሶሌታው፣ የፎቁ ወለል ማለት ነው፣ የሚሞላበት ቀን ነው። ኮንክሪት የጫነ መኪና፣ ከጀርባው ሁለተኛው፣ በዚያች ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ተደርድረዋል። እኔ ደግሞ በሩን በትራክተር ዘግቼ ሰልፊ ላይ ነኝ። ኮንክሪት "ይቅርታ፣ አንዴ ጠብቀኝ" አይባልም። ከቆየ መኪናው ውስጥ ይደርቃል።

ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ።

ደገምኩ። ቀጭ። በሦስተኛው ቀጭም የለም።

የሚክሰሩ ሹፌር ወርዶ "ወንድሜ፣ ሠርግ ነው እንዴ ፎቶ የምትነሳው?" አለኝ። እትዬ አስካለ ዳገቱን ወጥተው መጡ። አልሮጡም።

"ማነው ያጠፋው?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ "ራሱ ነው የጠፋው" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሽ ቱፋ አዩኝ። ዘጋሁት።

"እኔ ነኝ።"

"ምነው ልጄ" አሉ። ስድባቸው ይኼው ነው። "በል ውረድ።"

ከዚያ ያየሁትን ዓይነት ነገር እስከ ዛሬ አይቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ቁልቁለቱ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ዞር አስደረጉ። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩና ወጡ። እኔ የጎተትኩትን ማጥፊያ መልሰው አስገቡ። ለካ እሱንም ረስቼዋለሁ! ማርሽ አስገቡ፤ ጋሽ ቱፋ ከጎን ሆነው ጎማው እንዳይንሸራተት የተወሸቀበትን ድንጋይ በዱላ ገፉት። ትራክተሩ ያን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ መንሸራተት ጀመረ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው በእግራቸው የረገጡትን ፍሪሲዮን ለቀቅ ሲያደርጉ አንዴ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ዱግ ዱግ ዱግ! ቁልቁለቱ ሥር ያለውን የብረት ክምር በስንዝር አልፈው ጥግ ላይ አቆሙት። ሚክሰሩ ገባ።

እኔ የታክሲ በር በአንዴ መዝጋት የማልችል ሰው ነኝ። አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ሥራው ሲረጋጋ ሄድኩና "እትዬ፣ ግን ለምንድነው የማያጠፉት?" አልኳቸው።

"በማጥፋቱስ ልክ ነህ። የሚቆይ ከሆነ መጥፋት አለበት። ሠርቶ ሲመጣ ትንሽ በሚኒሞ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይጠፋል።" ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳትረግጡ እንዲያው ቀስ ብሎ ሲሠራ ነው። "እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። አሁን ግን ባትሪው ሞቷል። አንዴ ከጠፋ ቁልቁለት ካላገኘሁለት አይነሳም።"

ሁለቱም ጥፋቶች! ሞተሩም፣ ቁልቁለቱም!

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬህ የለ እንዴ፤ በቴሌግራም።"

ስልኬን አወጣሁ። አለ። ከነ ሰላምታው አለ። "ልጄ እንደምን አለህ። ባትሪዬ ደክሟል። ጠዋት ጠዋት እያስቸገረኝ ነው። አዲስ ቢገዛልኝ።"

እና እኔ ምን አደረግኩ? ገዛሁ! በማግስቱ! መካኒሳ አቦ ድረስ ሄጄ፣ ጥሩውን መርጬ።

የእጅ ባትሪ።

ጠዋት ይጨልማል ብዬ ነዋ! እሳቸው የሚገቡት ገና ሳይነጋ ነው፤ አዘንኩላቸው!

እትዬ አስካለ እጃቸውን የትራክተሩ ወንበር ሥር ሰደው ባትሪዬን አወጡ። በጨርቅ ጠቅልለው ነው ያስቀመጡት። "ይኸው፣ ጠዋት ዘይት የማየው በዚህ ነው። እኔ እኮ ትልቁ እስኪገዛ ለጊዜው በዚህ ይዩ ብለህ የላክህልኝ ነው የመሰለኝ። አሳቢ ልጅ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነበር።"

ጋሽ ቱፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለኔም ነግረውኛል።"

ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ሰው ፊት ሲያመሰግኑኝ እኔ እንጀራቸውን ልቆርጥ ማኅተም ሳስመታ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው። "ሴትዮዋን አስፈረምካቸው?"

"አላስፈረምኩም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"ምኑን? ትራክተሩን?"

"እሱንም።"

ሁሉንም ነገርኩት፤ ቴሌግራሙንም፣ የእጅ ባትሪውንም። ከዚያ የሳቀው ሳቅ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሲጨርስ "ደብዳቤውን እንዳትቀደው፤ ስሙን ብቻ ቀይረህ አንተ ፈርምበት" አለኝ።

ንብረት ክፍሉ መብራት አልነበረውም። እትዬ አስካለ መጥተው የፊርማውን ቦታ በባትሪ አበሩልኝ። "ጎበዝ ባትሪ ነው" አሉ፤ ከልባቸው ይሁን እየተረቡኝ ይሁን እስከ አሁን አላወቅሁም።

ትልቁ ባትሪ ከሰዓት ተገዝቶ ተገጠመ። የመጨረሻውን ውሃ አራግፈው ሲመለሱ ቁልቁለት ሳይፈልጉ ደልዳላው ሜዳ ላይ አቆሙትና ትንሽ በሚኒሞ አስተነፈሱት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

"በል ልጄ፣ አሁን አጥፋ።"

ጎተትኩት። ዝም አለ። ፎቶ አልተነሳሁም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። "ባትሪ" ስትባሉ መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ የቱ ነው? እባካችሁ፣ አንድ ሰው እንኳ ኮመንት ላይ "የእጅ" በሉኝ።