ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ እንዳይገባ

አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው በር መዝጋት አያውቅበትም። አፍንጮ በር የነበረው የግቢያችን የቆርቆሮ በር ለሰባት ቤተሰብ አንድ ነበር፤ የሚዘጋው በድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን ደግሞ የፈለገ ሁሉ ይገፋዋል። ሦስት ቁልፍ ይዛችሁ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሰዎች ይህን ስትሰሙ ሳታዝኑልኝ አትቀሩም። እዘኑልኝ፤ በበሩ ግን አይደለም።

ግቢው ሲፈርስ ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበተንን። እኔ አያት ገባሁ፣ ነኢማ ገላን። ነኢማ በአንድ የጭቃ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ነበረች፤ በቆርኪ ዳማ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ አንበርክካ፣ ሲያጨበጭቡላት ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቷን የምትደፋ። እኔ ቸርችል ጎዳና ላይ ኮምፒውተር ስለምጠግን፣ የተበተነው ሰፈር በስልኩ ዳማ እንዲጫወት ብዬ የራሳችን ሰርቨር አቋቋምኩ። ለሰፈሩ ነው ብዬ አወራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ለነኢማ ነው። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ ታሸንፈኛለች፣ "በል ደህና እደር" ብላ ትወጣለች። ናፍቀሽኛል ብዬ ልጽፍላት ስነሳ ጣቴ ሌላ ነገር ይጽፋል።

ከዚያ የማናውቃቸው የውጭ ሰዎች ሰርቨሩን አገኙት። ጨዋታ ይጀምሩና ሊሸነፉ ሲሉ ይጠፋሉ፤ ተራ የሚጠብቀው ሰፈርተኛ ባለበት ይቆማል። ተናደድኩና ከኢትዮጵያ በቀር ዓለምን በሙሉ ዘጋሁ። ደስ አለኝ።

በነጋታው ነኢማ አልገባችም። በሦስተኛው ቀንም አልገባችም። የቀሩትም አንድ በአንድ ጠፉ። አዲስ ጎረቤት አግኝታ ረሳችኝ ብዬ አኮረፍኩ፤ ሳልደውልላት ሁለት ሳምንት አለፈ።

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ታክሲ ስትጠብቅ አገኘኋት።

"ለምንድን ነው ያስወጣኸኝ?" አለችኝ፣ ሰላም ሳልላት።

"እኔ? የዘጋሁት እኮ የውጭ ሰዎችን ነው!"

"ከኔዘርላንድ መግባት አይቻልም ይለኛል። እኔ መቼ ነው ኔዘርላንድ የሄድኩት? ከሰለቸሁህ በግልጽ አትነግረኝም?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ኢንተርኔቱ የተዘጋጋ ሰሞን ሰፈርተኛው ሁሉ ያለበትን አገር ቀይሮ የሚያሳይ ቪፒኤን ስልኩ ላይ ጭኖ፣ ሳያጠፋው እንደበራ ረስቶታል። የነኢማን የጫንኩላት እኔው ነኝ። ኔዘርላንድንም የመረጥኩላት እኔው ነኝ፣ ፈጣን ነው ብዬ። ይህን ላስረዳት አፌን ስከፍት ታክሲው መጣ፤ እሷም ዞር ብላ ሳታየኝ ገባች።

አትደውልላትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ሳታነሳው እኔው ዘጋሁት። ሰው ደውሎ "ኔዘርላንድን ከፍቼልሻለሁ" ይላል?

የዘጋሁትን አገር ሁሉ የከፈትኩት ግን ድልድዩ ጋ ያገኘኋት ቀን ነው። ሰፈርተኛው ተመለሰ፤ ነኢማ አልተመለሰችም። ስሟን ቀይራ ትመጣ ይሆናል እያልኩ፣ ከኔዘርላንድ የገባውን ሁሉ "ነኢማ?" እያልኩ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ አይመልሱም። ትናንት ግን አንዱ በእንግሊዝኛ "ማን ናት?" አለኝ። ጨዋታውን ትተን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ለእሷ አንድም ቀን ያልነገርኳትን ሁሉ ነገርኩት።