ክቡር አቶ ምንም አይደለም

ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ሳልፍ የጽዳት ሠራተኛዋ ብርጭቆ ሰብራ ይቅርታ ስትለምን አየሁ። ባለብርጭቆው ሰውዬ ተንበርክከው ስባሪውን እየለቀሙ «ምንም አይደለም እቴ፣ እጅሽን እንዳይቆርጥሽ» ይሏታል። ሌላ ቀን ቢሆን ልቤ ይራራ ነበር። ያን ቀን ግን «ምንም አይደለም» የምትለዋን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ።

«ምንም አይደለም» ባይ የሌለበት ቤት የለም። ጣሪያው ሲያፈስ «ምንም አይደለም»፣ ፍሬኑ ሲጢጥ ሲል «ምንም አይደለም፣ ሲሞቅ ይተዋል»። ኖኅ እንዲህ ያለ ጎረቤት ሰምቶ ቢሆን ኖሮ መርከቧ እስከ ዛሬ ባልተጀመረች።

የእኛው ክቡር አቶ ምንም አይደለም የክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ከድልድይ ተቆርጦ የመጣ ኮንክሪት በኤክስሬይ እናነሳለን፤ ማሽኑ ሳይሰብረው ውስጡን እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ያሳየናል። በጥቂቶቹ ምስሎች ላይ ጠጠሩን በአንድ ቀለም፣ ስንጥቁን በቀይ እንቀባለን። ኮምፒውተሩ ከእኛ አይቶ የቀሩትን ሺህ ምስሎች ራሱ ይቀባል። «ጥልቅ ትምህርት» ይሉታል።

እኔ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ስቀባ፣ ክቡርነታቸው ከኋላዬ መጥተው «ምንም አይደለም፣ ጥላ ነው» ብለው ያጠፏታል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ። ኮምፒውተሩም ተማረ። ብርጭቆው በተሰበረበት ቀን ዋዜማ፣ ተማሪዎች ጠዋት ማታ የሚሻገሩትን ድልድይ «ጤነኛ» አለው።

በንዴት ሳምንቱን ሙሉ የተሰረዙትን ስንጥቆች መልሼ ቀባሁ፤ ኮምፒውተሩንም እንደ አዲስ አስተማርኩት። ዛሬ ውጤቱን ፊታቸው ዘረጋሁት። ቀዩ መስመር ኮንክሪቱን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆታል።

«ጋሼ፣ ይሄም ጥላ ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ጣታቸውን በቀዩ መስመር ላይ አስኬዱ።

የልቤን ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ክፋቱ፣ ከመጻሕፍት በቀር አስተማሪ ያልነበረኝን እኔን እዚህ ያስገባችኝም ያችው ቃል ናት። ሌሎቹ ዲፕሎማ ሲጠይቁኝ «ምንም አይደለም፣ ይሞክር» ያሉት እሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ንዴቴ ግን አልበረደም።

«ድልድዩ ይዘጋ ብዬ ለሥራ አስኪያጁ የምነግረው እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ላስቸግርህ?»

«ምን?»

«አብረኸኝ ግባ። ሰውዬው ፊቱን ሲያጠቁር ያቺ ቃሌ ታመልጠኛለች። አፌ ላይ ስትመጣ ካየህ እግሬን ርገጠኝ። አትሳሳልኝ።»