ጉድጓዴና የአባቴ ደቦ

እኛ አገር ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር ምን አለ? ሲወለድ ጎረቤት እልል ይልለታል። ሲታመም ደጁ በጠያቂ ይሞላል። ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍሩለት ዶማ ተሻምተው ነው። ስለዚህ ቅጥር የሚባለውን ነገር፣ ማለትም አንዱን ከወገኑ ነጥሎ «አንተ ብቻህን ና» ማለትን የፈለሰፈው ሰው፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል አልፎ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። አልፎ ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ የበሬ ጭራ እያየሁ ወግ የማወጋ ሳይሆን፣ ማማ ላይ የምወጣ የመብራት ሠራተኛ እሆን ነበር።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ትልቅ የመብራት መስመር በቀበሌያችን ሊያልፍ ነው ተባለ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ከዋርካው ሥር ሰበሰቡንና፣ ጨለማ እንደ ሌሎቹ የሕዝብ ጠላቶች ሁሉ በቅርቡ እንደሚደመሰስ አበሠሩን። ጨለማው ዝም ብሎ ሰማ። እኔ ከንግግሩ የያዝሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፕሮጀክቱ ከአገሬው ጎረምሳ መርጦ ያሠለጥናል፤ የሠለጠነውም ቀበቶ ታጥቆ እስከ ብረቱ ማማ ጫፍ ይወጣል።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ፈተናው ግን እኔን ጨርሶኝ፣ አባቴ ቤት ገብቻለሁ። የጓጓሁት ለደመወዙ አልነበረም ብል ማን ያምነኛል? እውነቱ ግን እሱ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ቆሜ በወዲህ ቡሬን፣ በወዲያ ፍኖተ ሰላምን፣ መሐል ላይ ደግሞ የእኛን ቤት ማየት አማረኝ። ናፍቆት ሲባል የራቀ ነገር ብቻ ይመስለናል፤ እኔ የቆምሁበትን መሬት ነበር የምናፍቀው።

የመምረጫው መንገድ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ፎርማን የአንዱን ማማ አራት እግር ለአራት አመልካቾች አከፋፈለን፤ ለእያንዳንዳችን አንድ ጉድጓድ መሆኑ ነው። ጧት መቆፈር እንጀምራለን፣ እሱ በላንድሮቨሩ ሌላ ቦታ ውሎ ሲመለስ የማን ክንድ እንደሚበረታ ያያል።

እራት ላይ ይህን ለአባቴ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ምን ሁነህ ነው ብቻህን የምትቆፍረው? ሰው የለህም?» አሉኝ። ፈተና መሆኑን ባስረዳቸው ይባስ ተከፉ። በእሳቸው እምነት ብቻውን ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው፣ ወይ የሚደብቀው ነገር ያለው ነው፣ ወይ የሚያዝንለት ዘመድ የሌለው። እኔ የትኛው እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ በማትሪኩም አልመጣም ነበር፤ እንጀራዬን መብላቴን ቀጠልሁ።

በማግሥቱ ጉድጓዴ ገና ጉልበቴ ሳይደርስ ከማዶ ዘፈን ሰማሁ። አባቴ ከፊት፣ የደብሩ ጎልማሳ ዶማና አካፋውን ተሸክሞ ከኋላቸው፣ ሴቶቹ ጠላውን በእንስራ አዝለው ከሁሉ በኋላ ይመጣሉ። ደቦ ጠርተውልኛል። ሮጬ «አባቴ፣ ብቻዬን ካልቆፈርሁ እኮ አልመረጥም» ብላቸው፣ ሰው ፊት እንዳላዋርዳቸው በዓይናቸው ነገሩኝ።

ዶማዬንም ከእጄ ወሰዱት። ለምን ቢሉ፣ ደቦ የተጠራለት ሰው አይቆፍርም፤ ወጉ ማስተናገድ ነው። እኔ ማሰሮና ዋንጫ ይዤ እየዞርሁ ቀዳሁ። አባቴ ሰዉን በሁለት ጎራ ከፍለው ሲያፎካክሩት አፈሩ እየተፈናጠረ ይወጣል። የጎረቤት ልጅ ለብቻው ሲለፋ እያዩ መቀመጥ ነውር ነውና የሦስቱን አመልካቾችም ጉድጓድ አብረው ቆፈሩት፤ ባለጉድጓዶቹ ጥላ ሥር ሆነው የእኔን ጠላ ጠጡ። ተስፋዬ በዓይኔ እያየሁት ሲቀበር እንኳ፣ እንደዚያ ቀን ያማረ ሥራ አላየሁም። ያ ዘፈን ዛሬም ይናፍቀኛል።

ፎርማኑ ሲመለስ ጉድጓዶቹን በሜትር ለካ። ጎናቸው ቀጥ ያለ፣ ወለላቸው የተደላደለ ነው። የትኛውን ማን እንደቆፈረው ቢጠይቅ፣ ቆፋሪዎቹ «ተቆፈረ፣ ሌላ ምን ትሻለህ?» አሉት። አመልካቹ እኔ ነኝ ብዬ ብቅ አልሁ። ዓይኑን እጄ ላይ ባለው ማሰሮ አሳርፎ፣ በታላቅ ትሕትና፣ ለወጥ ቤት ሰው እንደማይፈልጉ ነገረኝ።

ቀጥሎ ይህን ሁሉ ሰው ያዘዘው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ለካ ፕሮጀክቱን ከብረትና ከሲሚንቶ በላይ የቸገረው፣ አገሬውን ተነሥ ሲል የሚነሣለት ካቦ ኖሯል። አባቴን እዚያው ቀጠራቸው። መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። ፊቴን ሲያዩ ግን አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ግድ የለህም፣ ሌላ ሳይቀመጥበት ቦታህን ልያዝልህ» አሉኝ። በሬዎቹን ለእኔ ትተው ቦታዬን ሊይዙልኝ ሄዱ። መስመሩ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ሳያጎድሉ ያዙልኝ።

አሠለጠኗቸውም። ለበዓል ሲመጡ የፕሮጀክቱን ቆብ ሻሻቸው ላይ ደርበው ነው። ብረት ለሚያነሡ ሠራተኞች የሚሰጠውን የእጅ ምልክት ስለተማሩ፣ እናቴን ጠላ የሚጠይቁት ክንዳቸውን ወደ ላይ እያዞሩ ሆነ። እናቴ «የሠለጠነ ሰው አፍ የለውም እንዴ?» ይሏቸዋል፤ መቅዳቱን ግን ይቀዳሉ። እኔ እያረስሁ ማማው ላይ የሚሳቡትን ሰዎች አያለሁ። ማማው ነው የናፈቀኝ ስል፣ ምሽት ላይ ባዶውን መደብ ሳይ አባቴም እንደናፈቁኝ አወቅሁ።

መስመሩ አለቀ። መብራቱ በላያችን አልፎ ወደ ከተማ ሄደ፤ እኛ ኩራዛችንን ለኮስን። አባቴ ጠቅልለው የገቡ ዕለት የቆየ ጥያቄዬን አወጣሁ፤ ማማው ላይ ወጥተው ያውቁ እንደሆነ። አንድ ቀን፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ፎርማኑ ቀበቶ አስታጥቆ አውጥቷቸው ኖሯል። ያውም በእኛው ማሳ ዳር ባለው፣ በእኔው ጉድጓድ ላይ በቆመው። ወደ እሳቸው ጠጋ አልሁ። ቡሬ ይታያል? ፍኖተ ሰላምስ?

እነሱን ልብ እንዳላሉ ነገሩኝ። «አንተን አየሁ» አሉ። «ከበሬዎቹ ኋላ ነበርህ።»

እንባዬ መጣ። አባቴ ዋንጫቸውን አጋመሱና፣ «ትልምህ ጠማማ ነው» አሉኝ።

ካረፉ ቆይቷል። ማማው አሁንም ማሳችን ዳር ቆሟል። ከሥሩ ሳርስ ሳላስበው ቀና እላለሁ። አሁንስ ትልሜ ቀጥ ብሏል፤ የጠፋው የሚያየው ነው።