ኮምፒውተር እሺን የምር ሲወስድ

እኛ አገር «እሺ» ማለት ትልቅ ነገር አይደለም። እንዲያውም ምንም አይደለም። መንገድ ላይ ያገኘኋት ሴት «ቅዳሜ ብቅ በይ እንጂ» ስትለኝ «እሺ» እላታለሁ፤ እሷም እንደማልመጣ ታውቃለች፣ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ፣ ሁለታችንም ደስ ብሎን እንለያያለን። እሺ ብሎ መቅረት እያለ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ምን ይሉታል? እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትፈሩ፣ ለማንም አልናገርም።

ችግሩ ኮምፒውተር ይህን ወግ አያውቅም። እሺ ካላችሁት የምራችሁን ነው ብሎ ያምናል።

ባለቤቴ ሰርግ በቪዲዮ ይቀርጻል። በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ መካከል ያገባ ሰው ግማሹ እኛ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ጨፍሯል። ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፤ ያለችን አንዲት ቬንቲሌተርም ወደ እሱ ዞራለች። እኔና ልጄ በቆላው ሙቀት በላብ ስንጠመቅ ለእሱ ይነፍስለታል። እንጀራችን ነውና አልቀየምም። ትንሽ ግን እቀየማለሁ።

እኔ ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። አማርኛውን ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ግን አላውቀውም። ልጄ ሶስና በመስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች። የጎረቤት ልጆችን ደብተር አይቻለሁ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብትለኝ ምን ልላት ነው? ይህ ሲያብሰለስለኝ ከረመና ከሞባይል ቤት ፊደል የሚያስተምር ፕሮግራም በፍላሽ አስጫንኩ። እሁድ ጠዋት ባለቤቴ ለሰርግ ወደ ጀውሃ እንደወጣ ፍላሹን ሰካሁት።

እስክሪኑ ላይ ሳጥን ብቅ አለ፤ ጽሑፍ አለበት። ባለቤቴ ሁልጊዜ የሚጫናትን የእሺ ቁልፍ አውቃታለሁና እሷን ተጫንኩ። ሌላ ሳጥን መጣ፤ እሺ። ሌላ፤ እሺ። በመሃል አንዱ ሳጥን «ኮምፒውተሩን የሚያፈጥን ሌላ ፕሮግራምም አብሬ ላስገባ?» እያለኝ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። እሱንም እሺ ብዬዋለሁ። በመጨረሻ ጠፍቶ ሊነሣ ፈለገ፤ ይነሣ።

ነጠብጣቦቹ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ከዚያ እስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና የተከፋ ፊት ሣለልኝ። ጠፋ። ራሱ ተነሣ። ዞረ። ተከፋ። ጠፋ። አሥር ጊዜ ይሆናል። አንተ ምን ሆነህ ነው የምትከፋው? መከፋት ያለብኝ እኔ!

የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሰርግ እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለም፤ የካሜራውን ካርድ ባለቤቴ ለጀውሃው ሰርግ ብሎ አጥፍቶታል። ሙሽራይቱ ደግሞ ነገ ጠዋት ቪዲዮዋን ይዛ ከባሏ ጋር አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። አንድ ሙሉ ሰርግ ገደልኩ ማለት ነው።

ይህን እያሰብኩ እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ብቅ አይሉም!

«ቪዲዮው ደረሰ ወይ ልጄ? ልጅቷ አላስቀምጥ አለችኝ።»

«እሺ እትዬ፣ ነገ በጠዋት ይደርሳል» አልኩ።

ኮምፒውተሩ ከኋላዬ ተከፋ።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚለው?»

«ሙቀቱ ነው።»

«ያ ረቢ! ታዲያ ይሄን ልብስ አታወልቂለትም?» ብለው ዳንቴሉን ገፈው፣ አጥፈው፣ ኢንሻ አላህ ይሻለዋል ብለው ሄዱ።

አልተሻለውም። ለጋሽ ጌታነህ ደወልኩ፤ የባለቤቴን ኮምፒውተር የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ለካ ደብረ ብርሃን ለቅሶ ላይ ናቸው። ከድንኳን ወጥተው በሹክሹክታ፦

«ምን አስገባሽበት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ተነፈሱ። «ሊነሣ ሲል ማብሪያውን ተጭነሽ ያዥና አጥፊው። ሦስት ጊዜ። ከዚያ እሱ ራሱ ግራ ይገባውና ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቅሻል።»

«ደግሞ ሊጠይቀኝ ነው?»

ጠየቀኝ። «በቲ የሚጀምረውን ተጫኚ» አሉ።

«ቲ የትኛው ነው?»

ከኋላቸው ሴቶች ሲያለቅሱ ይሰማኛል። «ምሰሶ ነው። አናቱ ላይ አግዳሚ ያለበት ምሰሶ» አሉ።

አገኘሁት። ኤ መሃሉ ላይ ማገር ያለው የጎጆ ጣሪያ ነው። ኤስ እባብ ናት፤ እሷን እኛ ቆለኞች አንስታትም። አር ላይ ስንደርስ ተቸገሩ። «አንድ እግሯን የዘረጋች፣ ደረቷ ሞላ ያለ ሴት» አሉና አፈሩ። እኔ ግን ወዲያው ለየኋት። ከዚያ አራት ቁጥርን አስጫኑኝ፤ ቁጥር እንኳ አውቃለሁ።

ተነሣ! ጥቁር ሆኖ፣ ፊደሉ አብጦ፣ ከሕመም እንደተነሣ ሰው፤ ግን ተነሣ። ያንን አፈጥናለሁ ባይ ፕሮግራም ፈልገን ልናስወጣ ስንል ሳጥን ብቅ አለ። እጄን ሰበሰብኩ።

«እርግጠኛ ነሽ ወይ ነው የሚልሽ» አሉ ጋሽ ጌታነህ። «አሁን እሺ በይው። የምርሽን።»

በሕይወቴ እንዲህ የምሬን እሺ ያልኩት ስዳር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን... ይቅር።

ጠፍቶ ሲነሣ ቀለሙ ተመለሰ። የእትዬ ዘይነባን ልጅ ፈልጌ ከፈትኳት፤ ነጭ ለብሳ ትስቃለች። እኔ አለቀስኩ።

ባለቤቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ምንም አልነገርኩትም። ዳንቴሉ የት ሄደ እንኳ አላለም፤ ተቀምጦ ሰርጉን ወደ ፍላሽ ሊገለብጥ ጀመረ። ሳጥን ብቅ አለ፤ ረጅም ጽሑፍ ያለበት። ጠቅ አደረገና አለፈው።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ምኑ?»

«አሁን እሺ ያልከው።»

«እኔ እንጃ። ሁልጊዜ ይጠይቃል፣ ሁልጊዜ እሺ እለዋለሁ።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ነው! ሌላ ሳጥን ብቅ አለ። አየሁት፤ ምሰሶዋ አለች፣ እባቧም አለች። እጁን ያዝኩት።

«ቆይ! መጀመሪያ አንብበው።»

«እሺ» አለኝ።

ይህቺን እሺ አውቃታለሁ። እጁን አልለቀቅኩም።